በእማዬ የዕቁብ ደብተር ስማርት ኮንትራት መጀመር

እማዬ ሐዋሳ ፒያሳ ከሚነግዱ ሴቶች ጋር የሳምንት ዕቁብ ትጥላለች። ሃያ ናቸው። ጸሐፊዋ ጠርዙ የተበላ ደብተር አላት። አንድ እሁድ አንዷ አባል "ከፍያለሁ" አለች፤ ደብተሩ ላይ ግን ምልክት የለም። ክርክሩ እስከ ማታ ዘለቀ።

ያኔ ሶሊዲቲ መማር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ኢቴሪየም በሚባለው ብሎክቼይን ላይ ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። ምን ልሥራበት እያልኩ ሳስብ ሥራው ቤታችን ድረስ መጣ። ብሎክቼይን መማር ካሰባችሁ በዕቁብ ጀምሩ የምለው ለዚህ ነው። ሕጉን ከልጅነታችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሚቀራችሁ ኮዱ ነው።

ፕሮግራሚንግ ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ ግን ብሎክቼይኑን ለጊዜው ተዉት። ስድስት ወር ያህል ጃቫስክሪፕት ላይ ሥሩ። ይህችን የዘለለ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይተወዋል። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃል።

የብሎክቼይን ሐሳብ ራሱ አይከብድም። ደብተር ላይ አንዱ ገጽ ሲያልቅ፣ ቀጣዩ ገጽ አናት ላይ "ካለፈው የዞረ" ተብሎ ድምሩ ይጻፋል አይደል? ብሎክም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ብሎክ ያለፈውን ብሎክ ሃሽ ይዞ ይመጣል። ሃሽ የጽሑፉ አሻራ ነው፤ አንዲት ፊደል ብትቀይሩ አሻራው ጨርሶ ሌላ ይሆናል። የድሮውን ገጽ በስውር የፋቀ ሰው ከዚያ ወዲህ ያሉት ገጾች ሁሉ ያጋልጡታል። ደብተሩም አንድ ሰው ቤት አይቀመጥም፤ ቅጂው በሺዎች ኮምፒውተሮች ላይ አለ። ቢትኮይን በዚህ መንገድ በፈረንጆች 2009 ሥራ ጀመረ። በ2015 የመጣው ኢቴሪየም ደግሞ ደብተሩ ላይ ሕግም እንዲጻፍበት አደረገ። ያ ሕግ ነው ስማርት ኮንትራት የሚባለው።

አሁን ብሮውዘር ላይ ሬሚክስ የሚባለውን የሶሊዲቲ መጻፊያ ክፈቱ። ነጻ ነው፣ የሚጫን ነገርም የለውም። የዕቁቡን ነገር አንድ በአንድ አስቀምጡ፦ የአባላቱ የአካውንት አድራሻ፣ የሳምንቱ መዋጮ፣ ማን ከፈለ፣ ማን ወሰደ። ከዚያ ሁለት ፈንክሽን ብቻ ጻፉ፦ "ክፈል" እና "ውሰድ"። የመጀመሪያ ቀን ከዚህ አትለፉ።

ዕጣው ላይ ትደናቀፋላችሁ። እነ እማዬ ጋ የተጠቀለለው ወረቀት ይበጠበጥና አንድ ትንሽ ልጅ ተጠርቶ ያወጣል። ኮንትራት ውስጥ ያ ልጅ የለም። ሁሉም ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት መልስ ማግኘት ስላለባቸው፣ ኮዱ ብቻውን ዕጣ ማውጣት አይችልም። ጀማሪ የብሎኩን ሰዓት ወስዶ ዕጣ ያደርገዋል። እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ያንን ቁጥር የሌላ ሰው ኮንትራትም በዚያው ቅጽበት ያሰላዋል። የሚደርሰው ከሆነ ይገባል፣ የማይደርሰው ከሆነ ይወጣል። ለቁም ነገር ሥራ እንደ ቼይንሊንክ ቪአርኤፍ ያለ፣ ቁጥሩን ከነማረጋገጫው ከውጭ የሚያመጣ አገልግሎት ያስፈልጋል። ለልምምድ ግን ተራውን ቀድማችሁ ደርድሩት፤ ይበቃል።

አከፋፈሉ ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ። "ውሰድ" ሦስት ነገር ያደርጋል፦ ተራዋ መሆኑን ያያል፣ ገንዘቡን ይሰጣል፣ "ወስዳለች" ብሎ ይጽፋል። በዚህ ቅደም ተከተል ከጻፋችሁት ትዘረፋላችሁ። ጸሐፊዋ ብሩን ቆጥራ ሰጥታ እስክሪብቶ ለማንሳት ዞር ስትል፣ ተቀባይዋ እንደገና እጇን ብትዘረጋስ? ደብተሩ ገና "አልወሰደችም" ይላል። ስለዚህ እንደገና ትሰጣታለች። ሣጥኑ እስኪራቆት። ሰው ይህን አያደርግም፤ ተቀባዩ ሌላ ኮንትራት ሲሆን ግን በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ደጋግሞ ያደርገዋል። ስሙ ሪኤንትራንሲ ነው። በፈረንጆች 2016 ዘ ዳኦ ከተባለው ኮንትራት 3.6 ሚሊዮን ገደማ ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) የወጣው በዚህ ቀዳዳ ነው። ጣጣው ኢቴሪየምን ለሁለት ከፈለው፤ ኢቴሪየም ክላሲክ የመጣው ከዚያ ነው። መድኃኒቱ አንዲት መስመር ወደ ላይ ማንሳት ብቻ ነው። መጀመሪያ ጻፉ፣ ከዚያ ስጡ።

አንብባችሁ አትለፉት። ሁለተኛ ኮንትራት ጻፉና የገዛ ዕቁባችሁን ዝረፉ። እኔ የዘረፍኩ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የሠራሁት ነገር የሰው ገንዘብ ቢይዝ ኖሮ ብዬ ማሰብ አላቆምኩም። ይህ ስሜት ሲገባችሁ ኢተርኖት ወደሚባለው ጨዋታ እለፉ። በየደረጃው ቀዳዳ ያለው ኮንትራት ይሰጣችኋል፤ ቀዳዳውን ፈልጋችሁ መግባት የእናንተ ፈንታ ነው።

መብራትና ኔትወርክ ምክንያት አይሁኑባችሁ። ኔት ባለበት ቀን ፋውንድሪ የሚባለውን የኮንትራት መሥሪያና መፈተኛ አውርዱ። ውስጡ አንቪል የሚባል አለ፤ ላፕቶፓችሁ ላይ ትንሽ ብሎክቼይን አስነስቶ እያንዳንዳቸው 10,000 የውሸት ኢተር የያዙ አሥር አካውንቶች ይሰጣችኋል። ከዚያ ኔት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ብዙውን ቴስት፣ ማለትም ኮዱን የሚፈትነውን ኮድ፣ የጻፍኩት ማታ ባትሪ ሞልቼ፣ ማለዳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ነው። ኔት ሲመጣ ሴፖሊያ ላይ ጫኑት። የመሞከሪያ ኔትወርክ ነው፤ ኢተሩ ዋጋ የለውም።

ገንዘቡን የሚያዝዘውን የአካውንታችሁን ሚስጥራዊ ቁልፍ ኮድ ውስጥ አትጻፉ። እኔ አንዴ ከኮዱ ጋር ኮድ ለሰው በሚጋራበት ጊትሃብ ላይ ለቀቅኩት። አንድ ጓደኛዬ አይቶ ደወለልኝ። ቶሎ አጠፋሁት፤ ግን ማጥፋት አይበቃም፣ ጊት የድሮውን ሁሉ ያስቀምጣል። ያንን አካውንት ትቼ አዲስ ከፈትኩ። እናንተም ከደረሰባችሁ እንደዚያው አድርጉ።

ሥራ ስትፈልጉ ከሲቪ ይልቅ የጻፋችሁት ቴስት ይናገርላችኋል። ክፍያው በምን እንደሚመጣ ቀድማችሁ ተስማሙ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ ገንዘብ መገበያየት እንደማይፈቀድ አሳውቋል፤ እኔ ክፍያዬ በባንክ እንዲመጣ እጠይቃለሁ። ሁሉንም ሥራ አትቀበሉ። አንድ ሰው "ሕዝቡ መግዛት እንጂ መሸጥ እንዳይችል አድርገህ የክሪፕቶ ሳንቲም ጻፍልኝ" ብሎኝ ያውቃል። ያቀረበው ዋጋ የብዙ ወር ገቢዬ ነበር። አልጻፍኩም። ያ ሳንቲም የሚሸጠው እንደ እማዬ ላሉ ሰዎች ነው።

የእነ እማዬን ዕቁብ ኮንትራት ላይ አስገባሁት ወይ? አላስገባሁትም። ብሎክቼይን የሚጠቅመው የማይተዋወቁና የማይተማመኑ ሰዎች አንድ ደብተር ሲጋሩ ነው። እነዚህ ሃያ ሴቶች ልጆቻቸውን አብረው የዳሩ ናቸው። የጎደላቸው ቅጂ ብቻ ነበር። ቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩላቸው፤ ጸሐፊዋ እሁድ እሁድ ገጹን በስልኳ አንስታ ትልካለች።