ስለ ቀበሮ ስፐርምና ፀረ-ባክቴሪያ ፔፕታይዶች ሲወራ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ርዕሱ ጠባብ ይመስላል። ግን ስለ ወንድ ቀበሮ መራባትና በዘር ፈሳሹ ውስጥ ስላሉት ፀረ-ባክቴሪያ ፔፕታይዶች ሲነሣ የተወሰኑ ስህተቶች ደጋግመው ይመጣሉ። ፔፕታይድን ለጊዜው አጭር ፕሮቲን ነው ብለን እንለፈው። የምናወራው ቩልፐስ ስለሚባለው ወገን ነው፤ በተለይ በእንግሊዝኛ ሬድ ፎክስ ስለሚባለው ቩልፐስ ቩልፐስና ስለ ዋልታ ቀበሮ። በእርባታ ጣቢያዎች የሚታወቀው ባለ ብርማ ፀጉሩ ቀበሮም ያው ቩልፐስ ቩልፐስ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት እነዚህን ፔፕታይዶች እንደ ባክቴሪያ ገዳይ ብቻ ማየት ነው። መግደሉንስ ይገድላሉ። አብዛኞቹ ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው፣ የባክቴሪያ ሽፋን ደግሞ ኔጌቲቭ ነው። ይሳሳባሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ከዚያ ሽፋኑ ይበሳል። ግን ሌላም ሥራ አላቸው። ስፐርም ከዘር ፍሬ ሲወጣ ገና በቅጡ መዋኘትም ሆነ እንቁላል ማዳቀል አይችልም። የሚበስለው ኤፒዲዲሚስ በሚባለው ረጅምና ጥምዝምዝ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ነው። በአጥቢ እንስሳት ከእነዚህ ፔፕታይዶች አንዱ ቤተሰብ የሆኑት ብዙዎቹ ቤታ ዲፌንሲኖች የሚመረቱት እዚሁ ቱቦ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በአይጥ ኤፒዲዲሚስ ውስጥ ስለተገኘው ቢን1ቢ ስለሚባለው ዲፌንሲን ሲጻፍ ወሬው ሁሉ ስለ ባክቴሪያ ገዳይነቱ ነበር። በ2004 ግን ስፐርሙ መንቀሳቀስ እንዲጀምር የሚያደርገውም እሱ እንደሆነ ታየ።

ሌላው ምሳሌ ቤታ ዲፌንሲን 126 ነው። በማካክ ዝንጀሮዎች ስፐርሙን እንደ ካባ ይሸፍነዋል። ይህ ሽፋን ሲወገድ ስፐርሙ የማኅፀን በር ፈሳሽን ሰንጥቆ ማለፍ ያቅተዋል። ልብ በሉ፣ ስፐርሙ አልሞተም፤ ይዋኛል፣ ግን መንገዱ ላይ ይቀራል።

ይህ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ስህተት ይወስደናል፤ ማይክሮስኮፕን ከልክ በላይ ማመን። «ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ ቅርጹም እንቅስቃሴውም ደህና ነው፣ ስለዚህ ወንዱ ችግር የለበትም» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት በሰው ላይ ይህን አባባል ክፉኛ ነቀነቀው። ከእናትም ከአባትም የተበላሸ የዲፌንሲን 126 ጂን የወረሱ ወንዶች ስፐርማቸው በተለመደው ምርመራ ጤነኛ ይመስላል። ሚስቶቻቸው ግን ለማርገዝ ረዘም ያለ ጊዜ ወስዶባቸዋል። ለቀበሮ አርቢም ትምህርቱ ያው ነው፤ ጥሩ የሚዋኝ ስፐርም ያለው ወንድ ሴቶቹ ሳያረግዙ ቢቀሩ፣ ጥፋቱን ወዲያው ወደ ሴቶቹ ማላከክ አይገባም።

ሦስተኛው ወቅትን መርሳት ነው። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ሙሉ ሥራን ገደል ይከታል። ቀበሮ ዓመቱን ሙሉ አይራባም። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ቩልፐስ ቩልፐስ በብዛት የሚገናኘው በብርዱ ወቅት፣ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ አካባቢ ነው፤ የዋልታ ቀበሮ ትንሽ ዘግየት ይላል። ሴቷ ለወንድ የምትፈቅደው በዓመት አንዴ፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ወንዱም ከዚህ ጋር ራሱን ያስተካክላል። የዘር ፍሬው ለወቅቱ ያብጣል፣ ወቅቱ ሲያልፍ ይኮማተራል፣ በሙቀቱ ወራት ስፐርም ማምረት ያቆማል። በጁላይ ናሙና ወስዶ «ይሄ ወንድ መካን ነው» ማለት ምን ይባላል?

የፔፕታይድ ልኬትም ከዚህ አያመልጥም። በኤፒዲዲሚስ ውስጥ ብዙ ዲፌንሲኖች በወንዴ ሆርሞን ሥር እንደሚታዘዙ በአይጥ ታይቷል፤ በቀበሮ ደግሞ ሆርሞኑ ራሱ ከወቅቱ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በዚያ ላይ የዘር ፍሬው ሲኮማተር በውስጡ ያሉት የህዋስ ዓይነቶች ድርሻ ይቀየራል። ስለዚህ አንድ ጂን «ቀነሰ» ሲባል ምናልባት የቀነሰው ጂኑን የሚያሠሩት ህዋሳት ቁጥር ብቻ ሊሆን ይችላል። የተለያየ ወር ናሙናዎችን ቀላቅሎ አማካይ ማውጣት ከንቱ ድካም ነው።

አራተኛ፣ ከሌላ እንስሳ እንዳለ መገልበጥ። ውሻ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ መነሻ ይሆናል። እንደ ውሻ ሁሉ ቀበሮም ሴሚናል ቬሲክል የሚባለው የዘር ፈሳሽ አመንጪ ዕጢ የለውም፣ ያለው ተጓዳኝ ዕጢ ፕሮስቴት ነው። አብዛኛው የዘር ፈሳሽ ከሴሚናል ቬሲክል ስለሚመጣበት ስለ ሰው የተጻፈውን ወስዶ ቀበሮ ላይ መለጠፍ ታዲያ አያስኬድም። ከውሻ መውሰድም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የዲፌንሲን ጂኖች በዝግመተ ለውጥ ቶሎ ቶሎ የሚባዙና የሚለወጡ ናቸው። አንዱ የውሻ ዲፌንሲን እንደውም የፀጉር ቀለም ላይ ገብቷል። ብዙ ጥቁር ውሾች ጥቁር የሆኑት በእሱ ምክንያት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2007 ተደርሶበታል። ባክቴሪያ ይገድላል የተባለ ቤተሰብ ቀለም ቀቢ ሆኖ ሲገኝ፣ በዘመድ ብቻ ሥራን መገመት ከባድ ነው።

«ብዙ ከሆነ ይሻላል» የሚለውም አደገኛ ነው። ለሰው ሰራሽ ማዳቀል በሚዘጋጀው የስፐርም ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ አንቲባዮቲክን በፔፕታይድ የመተካት ሐሳብ ጥሩ ነው፣ ባክቴሪያዎች መድኃኒት መላመዳቸውን ሊቀንስ ይችላል። ግን ማጋይኒንና ኒሲንን የመሳሰሉ ፔፕታይዶች መጠናቸው ሲበዛ ስፐርሙንም እንዳይንቀሳቀስ ያደርጉታል። ሌላም ወጥመድ አለ፤ ብዙ ዲፌንሲኖች ጨው ሲበዛ ኃይላቸው ይደክማል። ጨው በሌለበት የላቦራቶሪ ሳህን ላይ የታየው ገዳይነት በዘር ፈሳሽ ውስጥ ላይደገም ይችላል።

በናሙናው ባክቴሪያ መገኘቱ ብቻውንም በሽታ አይደለም። ፈሳሹ ሲወጣ በሽንት ቱቦና በብልት ሽፋን በኩል ስለሚያልፍ ከዚያ ይዞ ይመጣል። ከነጭ የደም ህዋስ ብዛትና ከእንስሳው ጤንነት ጋር አብሮ መታየት አለበት።

በመጨረሻ፣ ሁሉንም መካንነት በጀርም ወይም በፔፕታይድ ማሳበብ። ቩልፐስ ቩልፐስ 34 መሠረታዊ ክሮሞሶሞች አሉት፣ የዋልታ ቀበሮ ደግሞ ከ48 እስከ 50። ሁለቱ በሰው ሰራሽ ዘዴ ተዳቅለው የሚወለዱት ዲቃሎች መካን ናቸው፤ ክሮሞሶሞቹ መጣመር ስለማይችሉ ነው። እነሱ ላይ የዲፌንሲን መጠን ቢለካ፣ ቢጨመር፣ የሚለወጥ ነገር የለም።