የወንጀል ማስረጃና የፍርድ ቤት መዝገብ ስትጠይቁ መሥራት የሌለባችሁ ስህተቶች (አሜሪካ ላላችሁ)

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዱ መጣ። ለዜግነት ኢንተርቪው ገብቶ ኦፊሰሩ «በ2011 ተይዘህ ነበር፣ የጉዳዩን መጨረሻ የሚያሳይ ወረቀት አምጣ» ብሎታል። ሰውዬው በኩራት ይዞት የሄደው ምን መሰላችሁ? የፖሊስ ሪፖርት። አራት ገጽ። ሲያዝ ምን ለብሶ እንደነበር እንኳን ይናገራል። ጉዳዩ በምን እንዳለቀ ግን አንድ መስመር የለበትም።

ጠበቃ አይደለሁም። የሰው ፎርም ስሞላ፣ ሳስተረጉም፣ የፍርድ ቤት መስኮት ላይ ስሰለፍ ዓመታት ያለፉኝ ሰው ነኝ። ብዙ ስህተት አያለሁ፣ አብዛኛውን ስቄ አልፈዋለሁ። ይሄኛውን ግን በቃኝ።

ፖሊስ የሚያውቀው መያዛችሁን ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያውቀው ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ የምትሄዱት ጉዳያችሁን ወዳየው ፍርድ ቤት ክለርክ ቢሮ ነው፤ የምትጠይቁት ደግሞ «ሰርቲፋይድ ዲስፖዚሽን» ይባላል፤ ጉዳዩ በምን እንዳለቀ የሚያሳይ፣ የፍርድ ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት ማለት ነው። ሰርቲፋይድ የምትለዋን ቃል አትዋጧት። ከኢንተርኔት ፕሪንት ያደረጋችሁት ገጽ፣ በስልክ ያነሳችሁት ፎቶ፣ ማኅተም የሌለው ኮፒ ለራሳችሁ መረጃ ይሆናል፤ ኦፊሰሩ ፊት ግን አይቆምም። ማኅተም ያለበትን ለማግኘት ክፍያ አለው፣ ብዙ አይደለም፣ ክፈሉት። ሁለት ኮፒ ውሰዱ፣ አንዱን መልሰው አይሰጧችሁም።

«ክሱ እኮ ዲስሚስ ሆኗል (ውድቅ ተደርጓል)፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» የሚለኝ ሰው ብዛቱ! ወንድሜ፣ ዲስሚስ መሆኑን የሚመሰክርልህ ያው ወረቀት ነው እኮ። ሌላው ደግሞ «ኤክስፐንጅ ተደርጎልኛል (መዝገቤ ተሰርዟል)፣ ስለዚህ የለም» ይላል። ለሥራ ሊጠቅም ይችላል። ለኢሚግሬሽን ግን የተሰረዘውም ይጠየቃል፤ ዝም ብሎ «የለም» ብሎ መሙላት ከክሱ ከራሱ የባሰ ጣጣ ያመጣል። እዚህ ላይ ጠበቃ አናግሩ፣ እኔንም የፌስቡክ ዘመዶቻችሁንም አትስሙ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ መዝገባችሁን ልታሰርዙ ከሆነ፣ ከመሰረዙ በፊት ሰርቲፋይድ ኮፒ አውጥታችሁ ቤት አስቀምጡ። ከተሰረዘ በኋላ ክለርኩ ጋ ሄዳችሁ «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ስትባሉ ማልቀስ አይጠቅምም።

ፋይሉ አርጅቶ ከተወገደም ባዶ እጃችሁን አትመለሱ። ፈልገው እንዳላገኙት የሚገልጽ ደብዳቤ በማኅተም ስጡን በሉ። እሱም ወረቀት ነው።

ቀጥሎ፣ የተሳሳተ በር ማንኳኳት። አገር ቤት ፌዴራል ፖሊስ ሄደን አሻራ ሰጥተን ማስረጃ መቀበል ስለለመድን፣ እዚህም አንድ ትልቅ መዝገብ ቤት ያለ ይመስለናል። የለም። አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ ካውንቲዎች አሉ፤ አብዛኛው የወንጀል ጉዳይ ደግሞ የሚታየው እዚያው ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ካውንቲ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ የት እንደምትኖሩ ሳይሆን ድርጊቱ የት ተፈጸመ እንደተባለ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ትመስላለች፣ ግን የራሷ ከንቲባም ማዘጋጃ ቤትም የላትም፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲ አካል ናት። «ለሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ፖሊስ» ብሎ ደብዳቤ የጻፈ ሰው አውቃለሁ፣ እንደዚህ የሚባል ፖሊስ የለም። አሌክሳንድሪያ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ናት። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተሞች ከካውንቲ ውጭ ራሳቸውን ችለው የሚቆሙ ናቸው፣ አሌክሳንድሪያም እንደዚያው። ነገር ግን የፖስታ አድራሻቸው «አሌክሳንድሪያ» እየተባለ የሚኖሩት ፌርፋክስ ካውንቲ የሆነ ብዙ ሰዎች አሉ። ፖስታው ላይ የተጻፈው ስም ፍርድ ቤታችሁን አይነግራችሁም። ክሱን ወይም ትኬቱን አውጡና ከላይ የተጻፈውን የፍርድ ቤት ስም አንብቡ፣ አለቀ።

እኔ ራሴ ጉድ ሆኛለሁ። ለአንዲት እናት የባልቲሞር ጉዳይ ላወጣላት ብዬ ደብዳቤውን ቶውሰን ላክሁት፣ የባልቲሞር ካውንቲ ዋና መቀመጫ እዚያ ስለሆነ። የእሷ ጉዳይ ግን የባልቲሞር ከተማ ነበር። ከተማውና ካውንቲው ስም ብቻ ነው የሚጋሩት። ወር ጠብቀን «እኛ ጋ የለም» የሚል መልስ መጣ። እሷ ምንም አላለችኝም፣ እኔ ግን እስካሁን ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል። ሜሪላንድ ከሆናችሁ መጀመሪያ የፍርድ ቤቶቹን የኬዝ ፍለጋ ድረ ገጽ ክፈቱ፣ ነጻ ነው፤ የኬዝ ቁጥሩን ከዚያ ይዛችሁ ወደ ክለርኩ ሂዱ። ቁጥር ይዞ የመጣ ሰውና «አንድ ጊዜ በክረምት ተይዤ ነበር» የሚል ሰው መስኮቱ ላይ እኩል አይስተናገዱም።

«ኤፍቢአይ ሁሉን ያውቃል» የሚለው እምነትም አለ። ኤፍቢአይ ያለው ሌሎች ፖሊሶችና ፍርድ ቤቶች ከአሻራ ጋር የላኩለትን ነው። ብዙ ጊዜ መያዛችሁ ይመዘገብና መጨረሻው ሳይላክ ይቀራል፤ ወረቀቱ ላይ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። ያን ጊዜ ወደ መጀመሪያው ስህተት ተመልሰን ዲስፖዚሽን ፍለጋ ነው።

የኤፍቢአዩን ለራሳችሁ ስታወጡ ክፍያው 18 ዶላር ነው። በኢንተርኔት አመልክታችሁ፣ አገልግሎቱን ወደሚሰጥ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ አሻራ መስጠት ትችላላችሁ። «ቻነለር» የሚባሉ የተፈቀደላቸው የግል ድርጅቶችም አሉ፣ ፈጠን ይላሉ፣ ዋጋቸውም ከፍ ይላል፤ የሚያስተናግዱት ግን ዜጋና ግሪን ካርድ ያለውን ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የምታወጡት የራሳችሁን ነው፣ የእጮኛችሁን ማየት አትችሉም። (አዎ፣ ተጠይቄ አውቃለሁ። ከአንድ ጊዜ በላይ።)

አሻራው ራሱ አልተነበበም ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ጽዳት የሚሠሩ፣ ኪችን የሚሠሩ፣ ቀኑን ሙሉ በረኪና የሚነኩ እህቶቻችን የጣታቸው መስመር ስለሚፋቅ ማሽኑ አያነበውም። ከቀጠሮው በፊት ለጥቂት ቀናት እጃችሁን ቅባት ቀቡ፣ ሥራ ላይ ጓንት አድርጉ። የዚያኑ ዕለት ግን አትቀቡ፣ ይንሸራተታል።

አሁን ወደ ስም እንምጣ። እዚህ ላይ አልቆጣም፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኛ አይደለም። ስማችን እዚህ አገር ሳጥን ውስጥ አይገባም። ላስት ኔም ሲሉን አንዱ የአባቱን፣ አንዱ የአያቱን ይሰጣል። ገብረ መድኅን የሚባለው ሰው አንዱ ቢሮ «ገብረ» ስም፣ «መድኅን» መካከለኛ ስም ሆኖ ይመዘገባል፤ ሌላው ቢሮ ገጥሞ በአንድ ቃል ይጽፈዋል። ፀሐይ በቲ ኤስ ትጀምራለች ወይስ በኤስ ብቻ? ኃይሌ መጨረሻው ኢ ነው ወይስ አይ? ፖሊሱ በሌሊት እየሰማ የጻፈውን ማን ያውቃል። ስለዚህ ክለርኩ «በዚህ ስም የለም» ሲል ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ስማችሁ ሊጻፍ የሚችልበትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጻፉ፣ የአባትና የአያት ስም ቦታ ተቀያይሮም ይፈለግ። የአሻራ ፎርም ላይ ሌሎች ስሞች የሚሞሉበት ቦታ ሲኖር ባዶ አትተዉት።

የትውልድ ቀንም እንደዚሁ። አሜሪካኖች ወር ያስቀድማሉ፤ 5/9 ብላችሁ ስትጽፉ እናንተ ሴፕቴምበር 5 በሉት እነሱ ሜይ 9 ያነቡታል። ላይ ታች ሲደረግ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ዓመት ሳይቀየር የገባባቸው ሰዎችም ገጥመውኛል፤ ኮምፒዩተሩ ሰባት ስምንት ዓመት አስረጅቷቸው። ግሪን ካርዳችሁ ላይ ያለው ቀን ልክ ባይሆን እንኳን የምትጽፉት እሱን ነው፣ ሌላውን በማስረዳት አትድከሙ።

ፎያ። ሁሉም ሰው ፎያ ይላል። ፎያ የመንግሥት ሰነድ የመጠየቅ መብት የሚሰጥ ሕግ ነው። ይህ የ1966ቱ የፌዴራል ሕግ የሚሠራው በፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ ነው፤ የኢሚግሬሽን ፋይላችሁን ለመጠየቅ ትክክለኛው መንገድ እሱ ነው። ፍርድ ቤት ላይ አይሠራም፣ የካውንቲ ፖሊስ ላይም አይሠራም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አለው፣ ስሙም የመልስ ቀነ ገደቡም ይለያያል። ቨርጂኒያ በሕጓ የመጠየቅ መብት የምትሰጠው በዋናነት ለራሷ ነዋሪዎች ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2013 ይሄ ችግር የለውም ብሎ አጽንቶታል። ስለዚህ ሜሪላንድ ሆናችሁ ቨርጂኒያ ከመጻፋችሁ በፊት እዚያ የሚኖር ዘመድ ፈልጉ።

ስትጽፉም «ስለ እኔ ያለውን ሁሉ» አትበሉ። ቀን፣ ቦታ፣ የሪፖርት ቁጥር፣ የሰነዱ ዓይነት። ጥያቄ ሳይሆን ሰነድ ነው የሚጠየቀው። «ለምን ያዛችሁኝ?» ብላችሁ ከጻፋችሁ የሚመልስላችሁ የለም። ክፍያው ከዚህን ያህል ዶላር በላይ ከሆነ መጀመሪያ ንገሩኝ የሚል መስመርም አስገቡ፣ ድንገተኛ ቢል አይመጣባችሁም።

በደቂቃ የማንንም ታሪክ እናወጣለን የሚሉ ድረ ገጾችን በተመለከተ፦ ካርዳችሁን ከኪስ አታውጡ። የምትቀጥሩት ሞግዚት ወይም የምታከራዩት ሰው ካለ፣ የሰው ታሪክ ሪፖርት አዘጋጆችን የሚቆጣጠረው የ1970ው የፌዴራል ሕግ (ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት) የሚያውቀውን አካሄድ ተከተሉ፤ ለቅጥር ከሆነ ሰውዬው በጽሑፍ ፈቅዶ ነው የሚታየው። በዚህ ሕግ ቀልድ የለም፤ በ2012 ስፖኪዮ የተባለው የሰው መረጃ ሻጭ ከፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ጋር የ800,000 ዶላር ስምምነት አድርጓል። እናንተ ተቀጣሪ ከሆናችሁና በባክግራውንድ ቼክ ምክንያት ሥራው ሊቀርባችሁ ከሆነ፣ ከመወሰናቸው በፊት የሪፖርቱን ኮፒ ሊሰጧችሁ ይገባል። ተቀበሉ፣ አንብቡ። የስም አቻችሁ ወንጀል እናንተ ላይ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል፣ አይቻለሁ። ለሪፖርቱ አዘጋጅ ስህተት ነው ብላችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ በመደበኛው 30 ቀን ውስጥ ማጣራት ግዴታው ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

ወረቀቱ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ከሆነ ማረጋገጫውንም ከትክክለኛው ቦታ አስመቱ። የኤፍቢአይ ወረቀት የፌዴራል ስለሆነ የሚያረጋግጠው ዋሽንግተን ያለው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። የስቴት ወይም የካውንቲ ወረቀት ደግሞ እዚያው ስቴቱ ውስጥ። አገላብጦ የላከ ሰው ወረቀቱ ዞሮ ሲመለስ የቪዛ ቀኑ ያልፋል። በጣም ቀድማችሁም አታውጡ፤ ተቀባዩ አገር ስንት ወር ያገለግላል እንደሚል መጀመሪያ ጠይቁ።

ላሚኔት አታድርጉ! አንዲት እናት ለልጇ ያወጣችውን ሰርቲፋይድ ወረቀት እንዳይረጥብ ብላ በላስቲክ አሽጋ ይዛልኝ መጣች። ከወረቀቱ ጎላ ብሎ የሚዳሰሰው ማኅተም ተጨፍልቆ ጠፍቷል። ምን ልበላት? ሻይ ጠጣንና ሰኞ እንደገና ልንሰለፍ ተቀጣጠርን።