የኦንላይን ጊታር ትምህርት ያዋጣል ወይ? ከመክፈልዎ በፊት እንዴት እንደሚፈትኑት

ጊታር ለመማር የጠፋው መረጃ አይደለም። የጂ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) አያያዝን በነጻ የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል። ገንዘብ የሚከፈለው እጅዎን አይቶ "የቀለበት ጣትህ ሁለተኛውን ክር እየነካ ነው" ለሚል ሰው ነው። ስለዚህ ዋጋ ሲያወዳድሩ የወሩን ክፍያ ትተው አስተማሪው እርስዎን ብቻ የሚሰማበትን ደቂቃ ይቁጠሩ። አሥር ተማሪ ያለበት የአንድ ሰዓት የዙም ክፍል ለአንድ ሰው ቢበዛ 6 ደቂቃ ይደርሰዋል፤ ሰላምታውና "ድምፄ ይሰማል?" የሚለው ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

1. ጊታሩን ይፈትሹ

ብዙ ጀማሪ ትምህርቱን የሚተወው ጊታሩ አስቸግሮት ነው፤ ጥፋቱ ግን በአስተማሪው ይሳበባል። ማስመሪያ ይዘው 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ብረቶች 12ኛው) ላይ ከብረቱ አናት እስከ ወፍራሙ ክር ሥር ያለውን ክፍተት ይለኩ። በብረት ክር አኮስቲክ ላይ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው፤ ከ3 ካለፈ ጣት ያሠቃያል። የናይለን ክር ባለው ጊታር ላይ እስከ 4 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው።

ቀጥሎ ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጭነው 1ኛው ፍሬት ላይ ምን ያህል ክፍተት እንደቀረ ይዩ። ቀጭን ወረቀት የሚያሾልክ ያህል ከሆነ መልካም። ሰፊ ከሆነ በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉበት ባለስንጥቅ አጥንት ወይም ፕላስቲክ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ በእንዲህ ያለ ጊታር ኤፍ ኮርድ ለጀማሪ ቀርቶ ለለመደም ይከብዳል። ጊታር የሚጠግን ሰው በቀጭን ሞረድ ያስተካክለዋል። ራስዎ አይሞርዱት፦ ትንሽ ካለፈ ክፍቱ ክር ይንጫጫል፣ የተሞረደውም አይመለስም።

2. ምን መጫወት እንደሚፈልጉ ይወስኑ

የፈረንጅ ዘፈን ማጀብ ከሆነ የተቀዳ ኮርስ ብዙ ርቀት ይወስዳል። ጀስቲንጊታር የተባለው ድረ ገጽ መሠረታዊ ትምህርቱን በነጻ ስለሚሰጥ፣ እሱን ሳይጨርሱ ለሌላ የተቀዳ ቪዲዮ መክፈል የሚገባ አይመስለንም።

የአማርኛ ዘፈን ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ስለሆነ በውጭ ኮርሶች "ሜጀር ፔንታቶኒክ" በሚል ስም ያገኙታል። አምባሰልን (ዶ፣ ሬ ፍላት ማለትም በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት) እና አንቺሆዬን (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ) ግን የጀማሪ ኮርስ ውስጥ አያገኟቸውም። የችክችካው 6/8 ምትም በቪዲዮ ሲታይ ቀላል ይመስላል፣ የቀኝ እጅ ሲሞክረው ይንሸራተታል። ለዚህ ቅኝቶቹን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ከመመዝገብዎ በፊት "አንቺሆዬን ከዶ ተነስተህ ተጫወትልኝ" ይበሉ። መልሱ 30 ሰከንድ አይፈጅም።

(በነገራችን ላይ አስተማሪው "ሲ" ሲል የቱን እንደሆነ ይጠይቁ። የፊደሉ ሲ (C) ዶ ነው፤ የሶልፌጁ፣ ማለትም የዶ ሬ ሚው ሲ ደግሞ ቢ (B) ነው። በአማርኛ ሲጻፉም ሲነገሩም አንድ ስለሆኑ በቴክስት የተላከ ትምህርት ላይ ያምታታሉ።)

3. የሙከራ ክፍል ይውሰዱ፤ በዚያውም አስተማሪውን ይፈትኑ

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ድምፁን ያዘጋጁ። ዙም ለንግግር የተሠራ ስለሆነ እየረዘመ የሚሄድን የክር ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። ኮርዱ "ድም" ብሎ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ከድምፅ ማስተካከያው ውስጥ "ኦሪጅናል ሳውንድ ፎር ሚዩዚሺያንስ" የሚለውን ያብሩ። የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ፣ አለዚያ የአስተማሪው ድምፅ ከስፒከርዎ ወጥቶ ተመልሶ ይገባል። ጥራቱ ከፍ ያለ የአንድ ለአንድ የቪዲዮ ጥሪ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ዳታ ሊበላ ስለሚችል ፓኬጁን ከክፍያው ጋር ይደምሩት።

ስልኩን ከፊት ለፊትዎ በደረት ከፍታ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቅ አድርገው ያቁሙ። ፊትዎ ባይታይ ግድ የለም፤ ሁለቱ እጆች ይታዩ። መስኮቱ ከኋላዎ ከሆነ እጅዎ ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል። ከፊት በኩል ፈጽሞ የማይታየው ከአንገቱ ጀርባ ያለው አውራ ጣት ነው፤ የኤፍ ኮርድ ችግር ብዙ ጊዜ የሚደበቀውም እዚያው ነው። ጎበዝ አስተማሪ "ስልኩን ወደ መቃኛዎቹ በኩል አዙሪልኝ" ይላል። በሙሉ ክፍለ ጊዜው አንድ ጊዜ እንኳ ካሜራ ያላስዞረ አስተማሪ አውራ ጣትዎን አላየም።

አሁን ፈተናው። ጥሪው ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛውን ክር (ከቀጭኑ ሲቆጠር) ከትክክለኛው ትንሽ ዝቅ አድርገው ይቃኙት፤ በቲዩነሩ (ቅኝት በሚያሳየው መሣሪያ ወይም አፕ) ላይ መርፌው በግልጽ ወደ ግራ ያጋደለ ይሁን። ከዚያ ጂ እና ሲ ኮርድን እያፈራረቁ ይጫወቱ። ጆሮ ያለው ሰው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ "ቆይ፣ እንቃኝ" ይላል። ካላለ ወይ እየሰማዎ አይደለም፣ ወይ ድምፁ ተቆራርጦ እየደረሰው ነው። ከመፍረድዎ በፊት ድምፁ እንዴት እንደሚሰማው ይጠይቁት፤ "በደንብ ይሰማል" ካለ ፍርዱን ራሱ ሰጥቷል።

ሌላው መለኪያ አብሮ መጫወት ነው። ሁለት ሰው ምት ጠብቆ እንዲጫወት የድምፁ መዘግየት ከ30 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ተራ የቪዲዮ ጥሪ ግን ብዙ ጊዜ ከ100 በላይ ይዘገያል። "እኩል እንምታ" የሚል አስተማሪ ደቂቃዎን እያባከነ ነው፤ ሁለታችሁም አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ምቱ እየተጎተተ ይሄዳል። የሚሠራው ሁለት መንገድ ነው፦ በየተራ መጫወት፣ ወይም እርስዎ ማይክ ዘግተው በእሱ ላይ መጫወት። በሁለተኛው እርስዎ አብረው የሄዱ ይመስልዎታል እንጂ እሱ እርስዎን አይሰማም፤ ስለዚህ ለልምምድ እንጂ ለእርማት አይሆንም።

"ጎበዝ! ቀጥል" ብቻ የሚል አስተማሪ ሰው ደስ ያሰኛል። የቱ ጣት፣ የቱ ክር፣ የቱ ምት ላይ ብሎ ካልጠቀሰ ግን ያንን ቪዲዮውም ይልልዎታል።

4. ቴሌግራምን አይናቁት

አስተማሪው ትምህርት ይልካል፣ እርስዎ የተጫወቱትን ቀርጸው ይመልሳሉ፣ እሱ በድምፅ ያርማል። መዘግየት የለም፣ ኔትወርክ ቢቆራረጥም የተላከው ሳይቆራረጥ ይደርሳል፣ እርማቱን አሥር ጊዜ ደጋግመው ይሰሙታል። ለብዙ ሰው ከቀጥታ ጥሪ ይልቅ ይህ ያዋጣል። ከመክፈልዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያስጽፉ፦ በሳምንት ስንት ቪዲዮ ይታረማል፣ በስንት ቀን ውስጥ? ይህ ካልተጻፈ ሁለተኛው ወር ላይ መልሱ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ይሆናል።

አስተማሪው አገር ቤት፣ ተማሪው ውጭ ከሆነ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉት። "ከምሽቱ 2 ሰዓት" በፈረንጆቹ 8 ሰዓት ነው። አሜሪካ ደግሞ በማርችና በኖቬምበር ሰዓት ሲቀይር ቀጠሮው በአንድ ሰዓት ይዛነፋል።

5. ለአንድ ወር ብቻ ይክፈሉና ይለኩ

የዓመት ፓኬጅ በቅናሽ ቢያቀርቡልዎም ይለፉት። በ1ኛው፣ በ14ኛውና በ28ኛው ቀን ስልክዎን አቁመው ለ60 ሰከንድ ከጂ ወደ ሲ፣ ከሲ ወደ ጂ እየተመላለሱ ይቅረጹ፤ ሁሉም ክር ጥርት ብሎ የተሰማበትን ቅያሪ ብቻ ይቁጠሩ። በደቂቃ 80 ምት በሚሄድ፣ በየአራት ምቱ ኮርድ በሚቀየርበት ዘፈን 20 ቅያሪ ያስፈልጋል። በቀን 20 ደቂቃ ተለማምደው በ28ኛው ቀን ለዚህ ካልተቃረቡ ወይም ቁጥሩ ከ14ኛው ቀን ወዲህ ካልተነቃነቀ፣ እርማቱ አልደረሰዎትም።

የጣት ጫፍ ሕመም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ነው። የእጅ አንጓ ሕመም ወይም የጣት መደንዘዝ ግን ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ልምምዱን ያቁሙ። እንዲህ ሲሆን፣ ቁጥሩም አልነቃነቅ ሲል፣ ሌላ የኦንላይን ኮርስ ከመግዛት በአካል ከሚያገኙት አስተማሪ ጋር ሁለት ክፍለ ጊዜ ይውሰዱ። ክርንዎን ገፋ፣ አንጓዎን ቀና አድርጎ በአንድ ደቂቃ ያሳይዎታል። ከዚያ ወደ ኦንላይኑ ይመለሱና የ60 ሰከንዱን ቆጠራ እንደገና ከአንደኛው ቀን ይጀምሩ።