ቀልደኛ ተዋናይ በመድረክ ላይ እንዴት ፎቶ ይነሣል?

ብዙ ፎቶ አንሺ ቀልዱ በሚነገርበት ቅጽበት ሹተሩን (የማንሻ ቁልፉን) ይጫንና የተከፈተ አፍና የተጨፈነ ዓይን ይዞ ይመለሳል። ተዋናዩ ቃሉን ሲያወጣ ፊቱ ገና በሥራ ላይ ነው። ደኅናው ፎቶ ያለው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ፣ አዳራሹ ሲስቅ እሱ ምንም እንዳላለ ሰው ጸጥ ብሎ በቆመባት ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ቀልዱ ሰምና ወርቅ ከሆነ ሳቁ ሁለት ጊዜ ይመጣል፦ መጀመሪያ ቶሎ የገባቸው፣ ቀጥሎ ወርቁ ዘግይቶ የተገለጠላቸው። ሁለተኛውን ሳቅ ሲጠብቅ የሚያሳየው ፊት ከሁሉም ይበልጣልና ጣታችሁን ከሹተሩ አታንሡ። የካሜራው ቀጭ ቀጭታም በሳቁ ይዋጣል። የት ላይ ዝም እንደሚልና ወደየት እንደሚዞር ለማወቅ ልምምዱን አንድ ጊዜ ያለ ካሜራ ተመልከቱት።

ለመነሻ 85 ሚሜ ሌንስ፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 2.8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ1600 እስከ 3200፣ የሹተር ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/100 ሰከንድ ይበቃል። 1/250 ላይ ብታደርጉ በፎቶው ላይ ጥቁር ሰንበር ሊወጣ ይችላል። የአገራችን ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙው የአዳራሽ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ 1/100 ላይ እያንዳንዱ ፎቶ አንድ ሙሉ ርግብግቢት ያገኛል። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲነሣ ግን የሞተሩ ፍጥነት ስለማይጸና ሰንበሩ ይመለሳል። ያኔ ወደ 1/50 ውረዱና ተዋናዩ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ጠብቁ። እጁ ብዥ ቢል ያምራል፤ ዓይኑ ብዥ ካለ ፎቶው የለም። ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሹተር ሰንበሩን ያባብሰዋል፤ አጥፉት።

አለባበሱ ሌላው ፈተና ነው። የገበሬ ገጸ ባሕርይ አረንጓዴ ቁምጣ ለብሶ፣ ነጭ ጋቢ ደርቦ፣ ዱላውን በትከሻው አግድሞ ሲወጣ ካሜራው ነጩን ያይና ፊቱን ያጠቁረዋል። በአንጻሩ ከኋላው ጥቁር መጋረጃ ብቻ ካለ ፊቱን ያነጣዋል። አውቶማቲኩን ተዉት። ብርሃኑን ከጉንጩ ላይ ብቻ ለኩና ቁጥሩን በማንዋል ያዙት። ጉንጩን መለካት ካልተመቻችሁ ለጋቢው ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ ጨምሩ (1 ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርጋል)። ቀይ መብራት ሲበራ ደግሞ አታንሡ፤ የቆዳው ዝርዝር ይጠፋል፣ በሮው ፋይልም (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው) ቢሆን ሁልጊዜ አይመለስም። ዱላው ከተቆረጠ ሰውየው ክንፉን ያጣ ዶሮ ይመስላል፤ ሁለቱም ጫፍ እንዲገባ 35 ሚሜ ቀይሩ፣ ካሜራውን አግድሙት።

ከመድረክ ውጭ፣ ለምሳሌ ባሕር ዳር ጣና ዳር፣ ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ አንሡ። የቀትር ፀሐይ የዓይን ጉድጓድ ያጨልማል፤ የቀልደኛ ሥራው ግማሽ ደግሞ ዓይኑ ላይ ነው። ውሃው ከኋላው ካበራ ፊቱ ጥላ ብቻ ይሆናል፤ ዋርካ ጥላ ሥር አስገቡትና ብርሃን ወደ ፊቱ እንዲመልስ ነጠላ ወይም ነጭ ፎም ከፊቱ በአንድ ሜትር ርቀት ይያዝለት።

«ፈገግ ይበሉ» አትበሉት። ቀልዱን ያልሰማ ሰው ከካሜራው ጎን አቁሙና ለእሱ ይናገር። ሰሚው በሦስተኛው ድግግሞሽ መሳቅ ያቆማል፣ ተዋናዩም ይቀዘቅዛል፤ ሰሚውን ቀይሩ እንጂ ቀልዱን አታስደግሙ።

ስትመርጡ ሆን ብሎ ያጣመመውን ፊት ሳያስበው ከተያዘው ለዩ፤ ሁለተኛውን ተዋናዩ ሳያየው አትልቀቁ። ለፖስተር ከሆነ በሚያይበት አቅጣጫ በኩል የስፋቱን ሢሶ ያህል ባዶ ተዉ፤ ርእሱ፣ ቀኑና የመግቢያው ዋጋ የሚጻፈው እዚያ ነው።