ከጅማ የሚመጡ ወላጆችን አውሮፓን እንዴት እናሳያለን?

አውሮፓ የሚኖር ልጅ ወላጆቹ ሊመጡ ነው ሲባል መጀመሪያ የሚያቅደው ፓሪስን፣ ሮምንና አምስተርዳምን በአንድ ሳምንት ማዳረስ ነው። በሦስተኛው ቀን እናት ጉልበታቸውን ይይዛሉ፤ አባት ደግሞ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ ልረፍ» ይላሉ። ለሦስት ሳምንት ቆይታ ሁለት ከተማ ይበቃል። ቀሪው ጊዜ እርስዎ ቤት፣ ሰፈርዎና ገበያዎ ይለፍ፤ እንግዶቹ ከሁሉ በላይ የጓጉት ልጃቸው እንዴት እንደሚኖር ለማየት ነው። እዚህ የያዝነው ምሳሌ ጀርመን የሚኖር ሰው ወላጆቹን ከጅማ አስመጥቶ ሮምንም የሚያሳይበት ነው።

1. ወቅቱን መምረጥ

ቤተሰቡ ቡና ካለው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ለቀማ ነው፤ ማንም አይንቀሳቀስም። ሐምሌና ነሐሴ ሮም ከ35 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ፤ የጅማን ለምለም አየር ለለመደ ሰው ይከብዳል። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ ያለው ጊዜ ይሻላል። ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ፦ የሸንገን ቪዛ (በአንድ ቪዛ የሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት ደግሞ መደበኛው የመጠበቂያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ለግንቦት አጋማሽ ጉዞ ማመልከቻው የካቲት ላይ ቢገባ ልብ ያርፋል።

2. ቪዛው

የሚያመለክቱት ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር ነው። ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት። ክፍያው ለአንድ አዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ለብቻው ይታሰባል። የጉዞ ሕክምና መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ መሆን አለበት። ፓስፖርቱ ከሸንገን ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን።

ጀርመን ያለው ልጅ ከከተማው የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት «ፈርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ» የሚባለውን የወጪ ኃላፊነት ቃል በ29 ዩሮ ያወጣል። የሚፈለገው ዋናው ወረቀት ስለሆነ በሰው ወይም በፈጣን መልእክት ይላኩት፤ ፎቶው ዋጋ የለውም። ፈረንሳይ የሚኖር ሰው በምትኩ ከማዘጋጃ ቤቱ «አቴስታሲዮን ዳኬይ» ያወጣል።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው በስም ነው። በእኛ አሰያየም የእናትና የልጅ ፓስፖርት አንድም የሚጋሩት ስም የለም፤ የቪዛ ሠራተኛው ዝምድናውን በምን ይወቅ? የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት የወላጆቹን ሙሉ ስም ይዞ መቅረብ አለበት። በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ የተጻፈ ከሆነ በሕጋዊ ተርጓሚ ያስተርጉሙት። ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር ያመሳክሩ፦ አንዱ ላይ በአንድ «ኤም» ሌላው ላይ በሁለት የተጻፈ «መሐመድ» ብቻውን ጥያቄ ያስነሳል። የትውልድ ቀን በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ እንዳይቀርም ይዩ።

ሁለተኛው ነገር «ይመለሳሉ ወይ?» የሚለው ነው። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ ንግድ ፈቃድ፣ የጡረታ መታወቂያ፣ ያለፉት ወራት የባንክ መግለጫ መልስ ይሆናሉ። ከማመልከቻው በፊት በነበረው ሳምንት በአንድ ጊዜ የገባ ብዙ ብር ግን ከመጥቀም ይልቅ ጥርጣሬ ይጋብዛል፤ ልጁ የላከው ከሆነ በደብዳቤ ይገለጽ።

አሻራ ለመስጠት በአካል አዲስ አበባ መገኘት ግድ ነው። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና አንድ ወረቀት ጎድሎ መመለስ ማለት የግቤን ቁልቁለት እንደገና መውረድና መውጣት ነው። በእርሻ ሥራ ጣታቸው የሻከረ ሰው አሻራ ማሽኑ ላይ አልታይ ሊል ይችላል፤ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ማታ ማታ ቫዝሊን መቀባት ይረዳል።

ቪዛው ሲመጣ የመግቢያውን ቁጥር ያንብቡ። በዚያው የ2024 ውሳኔ መሠረት የሚሰጠው የአንድ ጊዜ መግቢያ ነው። ስለዚህ «ለንደን ያለችውን አክስት ለሁለት ቀን አይተን እንመለስ» የሚባል ነገር የለም፤ የእንግሊዝ ቪዛ በእጅ ቢኖር እንኳ ከሸንገን የወጣ ሰው ተመልሶ አይገባም። ደብሊንም ከሸንገን ውጭ ስለሆነች እንዲሁ።

3. ሻንጣው

ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት በግል ሻንጣ አይገቡም፤ በልብስ ቢጠቀለሉም ማሽኑ ያያቸዋል፤ ተወስደው ይጣላሉ። ማር በሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። እርጥብ ጤና አዳምና ማንኛውም ችግኝ የእጽዋት ጤና ሰርተፍኬት ይጠየቅባቸዋል። ጫት በጀርመን፣ በፈረንሳይ፣ በሆላንድና በእንግሊዝ የተከለከለ ዕፅ ነው፤ «ለጎረቤት አድርሱልኝ» ተብሎ የተሰጠን እሽግ እናት ሳይፈቱ እንዳይቀበሉ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ለቅቤው መፍትሔ አለው። ቅመሙ ብቻ ከጅማ ይምጣ፦ ኮረሪማ፣ የደረቀ ኮሰረትና አብሽ። አውሮፓ ላይ ጨው የሌለበት ባለ 82 በመቶ ስብ ቅቤ 1 ኪሎ ገዝቶ፣ በዝግታ እሳት አቅልጦ አረፋውን መግፈፍ። ከዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አብሽና አንድ እፍኝ ኮሰረት ጨምሮ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ማንተክተክ፤ ከታች ያለው ቡናማ መሆን ሲጀምር አውርዶ ማጥለል። እሳቱ ከበዛ አብሹ አርሮ ቅቤውን ያመርረዋል።

ጀበናም ከመጣ ይወቁ፦ ሸክላ በኢንዳክሽን ምድጃ ላይ ጨርሶ አይሞቅም። ርካሽ ባለ ሽቦ ኤሌክትሪክ ምድጃ ይግዙለት። ቡናው ደግሞ መስኮት ተከፍቶ ወይም ሰገነት ላይ ይቆላ፤ ጀርመን ቤት ውስጥ የጭስ ማንቂያ በሕግ ግዴታ ስለሆነ ጭሱ ጣሪያ እንደነካ ጎረቤቱ ሁሉ ይነሳል።

4. መንገዱ

ቋንቋ ለማይችል አዛውንት ተሽከርካሪ ወንበር ያስመዝግቡ፤ በነጻ ነው፤ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ ይነገር። መራመድ ቢችሉም ይጠቅማል፦ ሠራተኛው ከበር እስከ ፓስፖርት መቆጣጠሪያው ያደርሳቸዋል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ በማኅተም ፋንታ ድንበር ላይ አሻራና ፎቶ የሚወስደው አዲስ አሠራር ሲገባ ሰልፉ ረዝሟልና ይህ እገዛ ይበልጥ ዋጋ አለው። የግብዣው ወረቀት፣ መድኑ፣ የመመለሻ ቲኬቱና ስልክ ቁጥርዎ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ፤ የተጫነ ሻንጣ ውስጥ ያለ ወረቀት የለም ማለት ነው።

5. ማሳየቱ

በቀን አንድ ትልቅ ነገር፣ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት። ከዚያ ምሳና እረፍት። የባቡር ቲኬት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚጻፍ 15:00 ያለውን በወረቀት «ከቀኑ 9 ሰዓት» ብለው ይጻፉላቸው።

ቡና ነጋዴ ወይም አብቃይ ለሆኑ አባት ሐምቡርግን እናስቀድማለን። ሽፓይሸርሽታት የሚባለው የቀይ ጡብ መጋዘን ሰፈር ቡናና ቅመም ሲራገፍበት የኖረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። የገዛ ምርታቸው ማዶ ላይ ምን ዓይነት ቤት እንዳሠራ ሲያዩ ጥያቄያቸው አያልቅም።

ሮም ላይ አንድ ጠዋት ከፖርታ ካፔና አደባባይ ይጀምሩ። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 2003 የቆመው እዚህ ነበር፤ በ2005 አገሩ ገብቶ በ2008 ዳግም ተተክሏል። ከዚያ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ቀጥ ብሎ ጥቂት መቶ ሜትር ነው፤ ዳገት የለውም። መጨረሻው የቆስጠንጢኖስ ቅስት፦ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 የኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ በ2:15:16 ሮጦ የገባበት ቦታ። ኮሎሲየም አጠገቡ ስለሆነ ከውጭ ማየት ይበቃል።

የቫቲካኑ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መግቢያው ነጻ ነው፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጠላ ለዚህ ተፈጥሯል። ጉልላቱ ላይ ግን አይውጡ፦ በሊፍት ቢጀመር እንኳ 320 ደረጃ ይቀራል። ለሙስሊም ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1995 የተከፈተው ትልቁ የሮም መስጊድ አለ። በሰኔ ጀርመን መግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደው ሶላት) ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስለሆነ እራቱን በዚያ ያቅዱ። የሰኔን ጾም ለሚጾሙ ደግሞ ፒዛ ማሪናራ ይዘዙ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት እንጂ አይብ የለበትም። ኤስፕሬሶ ቆመው ቢጠጡ ርካሽ ነው፤ ከተቀመጡ ዋጋው ሊጨምር ይችላል።

6. ሲመለሱ

ለወላጆች የሚገዛውን ዕቃ በእነሱ ፓስፖርት ያስመዝግቡ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ነዋሪ ስለሆኑ ታክሱ ይመለስላቸዋል። ጀርመን ላይ አንድ ደረሰኝ ከ50 ዩሮ፣ ኢጣሊያ ከ70፣ ፈረንሳይ ከ100 ማለፍ አለበት። ጉምሩክ ዕቃውን ልይ ሊል ይችላልና ማረጋገጫው የሚወሰደው ሻንጣው ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ ለዚህ ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ።