ከ10 ጥይት ሳያልፉ ካዝናን መፈተሽና መጠገን፦ በዋሽንግተን ግዛት ለሚኖሩ የሽጉጥ ባለቤቶች

ሽጉጥ ሲያስቸግር አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ሽጉጡን ነው። እኔም ወቅሻለሁ። ሲያትል አጠገብ በሚገኝ የተኩስ መለማመጃ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጤ በየሦስትና በየአራት ተኩሱ እየነከሰ፣ ማለትም ጥይቱ እየተቀረቀረ፣ ሲያስቸግረኝ ወደ ጠጋኝ ወስጄ፣ ገንዘብ ከፍዬ፣ «ምንም የለበትም» የሚል መልስ ይዤ ተመለስኩ። በሳምንቱ አንድ በዕድሜ የሚበልጠኝ ወዳጄ ሦስቱን ካዝናዎቼን (ጥይት ተሞልቶባቸው ሽጉጡ ውስጥ የሚገቡትን መያዣዎች) ተቀብሎ ከታች ክዳናቸው ላይ በጥፍር ቀለም 1፣ 2፣ 3 ብሎ ጻፈባቸውና እያፈራረቅሁ እንድተኩስ አደረገ። የነከሰው በ2 ቁጥር ብቻ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቁጥር መጻፍ ነው፤ ችግሩ አንዱን ካዝና ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ ጥፋቱ የካዝናው ነው፣ በሁሉም ላይ እኩል የሚታይ ከሆነ ግን ሽጉጡን ወይም ጥይቱን መመርመር ይገባል።

ማንኛውም ፍተሻ ከመጀመሩ በፊት ካዝናው ከሽጉጡ ይወጣል፣ ስላይዱ (ከሽጉጡ ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው ብረት) ወደ ኋላ ተስቦ ጥይቱ የሚጎርስበት ጎሬ በዓይንም በጣትም ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል፣ ጥይቱ በሙሉ ወደ ሌላ ክፍል ይወሰዳል። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ ካዝናው ሳይወጣ ስላይዱን የሳበ ሰው አንዱን ጥይት አውጥቶ ሌላውን ራሱ ያጎርሳል።

ካዝና ቀላል ዕቃ ነው፦ ቀፎ፣ ሞላ፣ በሞላው ላይ ተቀምጦ ጥይቱን ወደ ላይ የሚያነሣው ገፊ፣ እና የታች ክዳን። ከቀፎው ጫፍ ወደ ውስጥ የታጠፉት ሁለት ከንፈሮች ጥይቱን ይዘው የሚለቁበትን ማዕዘን ስለሚወስኑ፣ ከሁሉም ክፍሎች ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻቸው እነሱ ናቸው። የአባቶቻችን ውጅግራ አንድ በአንድ የሚጎርስ ስለነበረ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረበትም።

ጥይቱ አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ ከመግቢያው ሥር ከተቀረቀረ፣ ሞላው ደክሟል ወይም ገፊው በቆሻሻ ተይዞ ተጋድሟል ማለት ነው። ሁለት ጥይት በአንድ ጊዜ ወጥቶ ከተጋፋ ከንፈሮቹ ሳይከፈቱ ወይም ሳይሰነጠቁ አልቀሩም፤ የእኔዋ 2 ቁጥር ሕመሟ ይኸው ነበር፣ በቀኝ ከንፈሯ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበረባት፣ በደንብ የታየውም ባትሪ ከጎን ሲበራበት ነው። ጥርጣሬ ካለ በሁለቱ ከንፈሮች መካከል ያለው ርቀት ካሊፐር በሚባለው ጥቃቅን ርቀት መለኪያ ይለካና ከአንድ ደህና ተመሳሳይ ካዝና ጋር ይነጻጸራል። ከንፈርን በፒንሳ አጥፎ «ማስተካከል» ግን አልመክርም፤ አንዴ የታጠፈ ብረት መልሶ ይከፈታል፣ ፕላስቲክ ከሆነ ይሰበራል፣ አዲስ ካዝና መግዛት ይሻላል።

የመጨረሻው ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ስላይዱ ተከፍቶ ካልቀረ፣ ባዶውን ካዝና በባዶው ሽጉጥ ውስጥ ከትቶ ስላይዱን እስከ ጥግ መሳብ ነው። በእጅ ሲሳብ ተከፍቶ ከቀረ፣ ሞላው ላይ ከመፍረድ በፊት ጥፋቱ የተኳሹ አውራ ጣት እንዳይሆን ይጠርጠር፤ ብዙዎቻችን በተኩስ መሐል የስላይዱን ማቆሚያ ሳናውቅ እንጫነዋለን። አዲስ ካዝና 10 ሞልቶ ስላይዱ እንደተዘጋ አልገባ ቢል፣ 9 አድርጎ መሞከር በቂ ነው። ቃታው ተስቦ ጥይቱ ከከሸፈ ግን ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ካዝናውን አይመለከትም፤ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳቀኑ 30 ሰከንድ ጠብቆ ማውጣት ነው።

ለማጽዳት የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ፤ ሞላው ታምቆ የተቀመጠ ነውና ክዳኑ ሲከፈት ተስፈንጥሮ ይወጣል። የክዳኑን መቆለፊያ በቀጭን ብረት ተጭነው ክዳኑን ሲያንሸራትቱ አውራ ጣትዎን ከላዩ አያንሡ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ይልቀቁት። ሞላው ከመውጣቱ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡት፤ ከላይና ከታች ጫፉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ተገልብጦ የገባ ሞላ ጥይት በደንብ አያነሣም። የቀፎውን ውስጥ በደረቅ ብሩሽና በጨርቅ ይጥረጉ፣ ሞላውን እንዲሁ። ዘይት አያፍስሱበት፤ ዘይት የባሩድ ጥላሸትና አቧራ ይሰበስባል፣ ወደ ጥይቱ መለኮሻ ከዘለቀም ጥይቱን ያከሽፈዋል። በሲያትል እርጥበት ሞላው የሚዝግ ከሆነ በስሱ ዘይት የነካ ጨርቅ አሳልፎበት እንደገና በደረቅ ማበስ ይበቃል።

ሞላ ተሞልቶ ስለተቀመጠ አይሞትም፤ የሚያደክመው መላልሶ መታመቅና መለቀቅ ነው። ስለዚህ ለልምምድ የሚውሉትን ካዝናዎች ለቤት ጥበቃ ከሚቀመጠው መለየት ብልህነት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። በዋሽንግተን ግዛት ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሥራት፣ መሸጥ፣ ማከፋፈልና ከውጭ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሜይ 2025 ሕጉን አጽንቶታል። ቀድሞ በእጅ የነበረውን መያዝ አልተከለከለም፣ ነገር ግን ከቴክሳስ የሚመጣ ዘመድ 15 የሚይዘውን በሻንጣው ይዞ መግባት አይችልም። ለጥገና ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላው ነጥብ ነው፦ ሕጉ ሙሉውን ካዝና ብቻ ሳይሆን፣ በአንድ ሰው እጅ ተሰብስበው ከ10 በላይ የሚይዝ ካዝና ሊገጣጠምባቸው የሚችሉ ክፍሎችንም እንደ ካዝና ይቆጥራል። «ሞላ ልቀይር» ብሎ የካዝናውን አቅም የሚጨምር ማራዘሚያ ክዳን ያለበት ጥቅል ማዘዝ ጥገና አይባልም። የሚታዘዘው ለዚያው ሞዴል፣ ለዚያው 10 ጥይት የተሠራው ሞላና ገፊ ብቻ ነው።

አንዳንድ ባለ 10 ካዝናዎች ቀፏቸው ትልቅ ሆኖ በሪቬት ወይም በማጣበቂያ የተገደቡ ናቸው። እነዚህ ከ10 በላይ እንደሚይዙ ከማይቆጠሩበት ምክንያት አንዱ ለውጡ ዘላቂ መሆኑ ስለሆነ፣ ለማጽዳት ተብሎ ሪቬቱ ሊነቀል አይገባም። የታች ክዳናቸው የማይከፈት ከሆነ ገፊውን በእንጨት ወደ ታች ተጭኖ ከላይ በብሩሽና በታመቀ አየር ማጽዳት ነው፤ ሞላው ከደከመ ካዝናው ይጣላል። የተፈቀደው የጥይት ቁጥርም ከቦታ ቦታ ይለያያል፦ በሜሪላንድና በካሊፎርኒያ 10፣ በኮሎራዶ 15 ነው፤ ግዛት ለመሻገር ካሰቡ የመድረሻዎን ሕግ አስቀድመው ያንብቡ።

ተጠግኖ የተገጠመን ካዝና በቀጥታ በእውነተኛ ጥይት አይሞክሩት። ባሩድ የሌለበትን የልምምድ ጥይት አንድ በአንድ እየቆጠሩ ይሙሉት፤ 10 ላይ ሲደርስ 11ኛውን መቀበል የለበትም። ከዚያ ስላይዱን በእጅ እየሳቡ ሁሉንም ያሳልፉ። በመለማመጃው ቢያንስ 50 ጥይት ሳይነክስ ካለፈ ካዝናው የተጻፈበት ቁጥር እንዳለ ሆኖ ወደ ሥራው ይመለሳል። የእኔዋን 2 ቁጥር ቀፎዋን በመዶሻ ጨፍልቄ ነው የጣልኳት፤ እንዲያው ብጥላት አንድ ቀን ተሳስቼ መልሼ አነሣት ነበር።