አቲክ ኢንሱሌሽን ለማሠራት ኮንትራክተር ሲቀጥሩ፦ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ የቤት ባለቤቶች

በብርዱ ወራት ሂተሩ ሳያቋርጥ እየሠራ ፎቅ ላይ ያሉት መኝታ ቤቶች አልሞቅ ካሉ፣ በሙቀቱ ጊዜም ኤሲው እያጓራ ላብ በላብ ካደረጉዎት፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አቲኩ፣ ማለትም በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ያለው ቦታ ነው። እዚያ ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ሙቀትና ብርድን የሚያግድ ሽፋን፣ የማስገባት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ያልቃል። ካለቀ በኋላ ግን ሁሉም ነገር ተሸፍኖ ስለሚቀር ጥሩውን ከመጥፎው በዓይን መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ቁጥጥሩ ውሉ ሳይፈረም፣ ኢንሱሌሽኑን የሚነፋው ማሽንም ሳይጀምር መደረግ አለበት።

ለማንም ከመደወልዎ በፊት አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ባትሪና ማስመሪያ ይዘው አቲኩን ይመልከቱ። እግርዎን አግዳሚ እንጨቶቹ ላይ ብቻ ያሳርፉ፤ በመካከላቸው ያለው የኮርኒሱ ድራይዎል ሰው አይሸከምም። የኢንሱሌሽኑን ውፍረት በሦስት አራት ቦታ ይለኩ። ሙቀትን የማገድ አቅሙ የሚገለጸው በአር-ቫልዩ ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይሻላል፦ ተነፍቶ የተበተነ ፋይበርግላስ በኢንች ወደ 2.5፣ ከተፈጨ ወረቀት የሚሠራው ሴሉሎስ ወደ 3.5 ይሰጣል። ለዚህ አካባቢ የአየር ጠባይ ኢነርጂ ስታር የተባለው የፌዴራል መንግሥት የኃይል ቁጠባ ፕሮግራም የሚመክረው ምንም ለሌለው አቲክ አር-60፣ ሦስት አራት ኢንች አሮጌ ላለው አር-49 ነው። ስድስት ኢንች ፋይበርግላስ ያለው ቤት እንግዲህ አር-15 አካባቢ ላይ ነው ያለው።

ትንንሽ ጠጠር የሚመስል፣ ግራጫ ወይም ቡናማ ሆኖ የሚያብረቀርቅ ነገር ካዩ አይንኩት፣ አይጥረጉት፣ ወዲያው ይውረዱ። ቨርሚኩላይት የተባለው የድሮ ኢንሱሌሽን ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው አብዛኛው ቨርሚኩላይት የወጣው በ1990 ከተዘጋው የሞንታናው የሊቢ ማዕድን ሲሆን አስቤስቶስ የተባለው ካንሰር አምጪ ማዕድን የተቀላቀለበት ነበር። መጀመሪያ የአስቤስቶስ ባለሙያ ማየት አለበት።

ፋይበርግላሱ አንዳንድ ቦታ ላይ እንደ ጥቀርሻ ጠቁሮ ካገኙት ደግሞ ሻጋታ ነው ብለው አይደንግጡ። ብዙ ጊዜ ከታች ከቤቱ የሚወጣው አየር አቧራውን እያራገፈበት የኖረ ቦታ ነው። ገለጥ ቢያደርጉት ከሥሩ የኤሌክትሪክ ገመድ የገባበት ቀዳዳ፣ የቧንቧ ማለፊያ ወይም የግድግዳው ጫፍ ይገኛል። ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። ፋይበርግላስ ሙቀትን ያዘገያል እንጂ አየር አያቆምም፤ ቀዳዳው ሳይደፈን ከላዩ የሚጨመረው ኢንሱሌሽን የሚገባውን ያህል አይሠራም። ዋጋቸው የረከሰ ኮንትራክተሮች ብዙውን ጊዜ የሚዘሉት ይህንኑ የማሸግ ሥራ ነው።

ኮንትራክተሩ የአገር ልጅ ቢሆንም፣ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ አጥብቆ ቢመክረውም፣ ላይሰንሱን ራስዎ ኦንላይን ይፈትሹ። ሜሪላንድ ውስጥ የኤምኤችአይሲ (የግዛቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን) ቁጥር ሊኖረው ግድ ነው፤ ለቨርጂኒያ የሚፈተሸው ዲፖር (የግዛቱ የሙያ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) ጋ ነው። ሜሪላንድ በኮንትራክተር ሥራ ለተጎዱ የቤት ባለቤቶች መካሻ ፈንድ አላት፤ ላይሰንስ ከሌለው ሰው ጋር የተዋዋለ ግን ከዚያ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። የላያቢሊቲ (ለሚያደርሰው ጉዳት) እና የወርከርስ ኮምፕ (ለሚጎዳ ሠራተኛ) ኢንሹራንሱን ማረጋገጫ በቀጥታ ከኢንሹራንስ ኤጀንቱ እንዲላክልዎ ይጠይቁ። ሠራተኛ ኮርኒሱን ጥሶ ሳሎን ውስጥ ቢወድቅ ወጪው የማን እንደሆነ የሚወስነው ይኸው ወረቀት ነው።

ከሦስት ሰዎች ዋጋ ይቀበሉ። በስልክ ስኩዌር ፊት ብቻ ጠይቆ ዋጋ የሚናገረውን ይተዉት። ደህናው ኮንትራክተር አቲኩ ውስጥ ይገባል፣ ይለካል፣ ፎቶ ያነሣል። የተሻለው ደግሞ ብሎወር ዶር ይዞ ይመጣል፦ የፊት በሩ ላይ ማራገቢያ ገጥሞ ቤቱ ምን ያህል እንደሚያፈስ በ50 ፓስካል ግፊት ይለካል፤ ሥራው ሲያልቅም ይደግመዋል። ሁለቱ ቁጥሮች በጽሑፍ ይሰጡኝ ይበሉ። የኤሌክትሪክ ኩባንያዎቹ የፔፕኮ ወይም የቢጂኢ ደንበኛ ከሆኑ ኢምፓወር ሜሪላንድ በሚባለው ፕሮግራም ቅናሽ እንዳለ ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ፤ ከፕሮግራሙ ጋር የሚሠራ ኮንትራክተርና ቅድመ ኦዲት (ከሥራው በፊት የቤቱ የኃይል አጠቃቀም ምርመራ) ያስፈልጋል።

ስፕሬይ ፎም (ተረጭቶ አረፋ ሆኖ የሚደርቅ ኢንሱሌሽን) ይሻላል ብሎ የሚገፋ ሻጭ አይጠፋም። የኤሲው ማሽንና ዳክቱ (የአየር ማስተላለፊያ ቱቦው) አቲክ ውስጥ ከሆኑ የጣሪያውን ተዳፋት በፎም መሸፈን ትርጉም አለው። ካልሆነ ግን የአቲኩ ወለል ላይ ሴሉሎስ ማስነፋት በጣም ይረክሳል፤ ፎም ሲረጭ እንደሚደረገውም ቤት ለቆ መቆየት የለም።

ውሉ ላይ “አቲክ ኢንሱሌት ማድረግ” ተብሎ ብቻ ከተጻፈ አይፈርሙ። በፌዴራል ደንብ መሠረት ተነፊ ኢንሱሌሽን የሚገጥም ሰው የተሸፈነውን ስፋት፣ ሲነፋ የነበረውን ውፍረት፣ ረግቶ የሚቀረውን ዝቅተኛ ውፍረት፣ አር-ቫልዩውንና የከረጢቱን ብዛት በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። ከሁሉም የሚበልጠው የከረጢቱ ብዛት ነው። ማሽኑ ላይ አየር ከበዛ ትንሽ ኢንሱሌሽን ተንፈሽፍሾ ማስመሪያው ላይ የተባለውን ኢንች ያሳያል፤ ውሎ አድሮ ግን ይወርዳል። ከረጢቱ ላይ ለ1,000 ስኩዌር ፊት ስንት እንደሚያስፈልግ የሚናገር ሰንጠረዥ ታትሟል። ለምሳሌ ለሚፈልጉት አር-ቫልዩ 50 ቢል፣ 1,200 ስኩዌር ፊት ያለው አቲክ 60 ይፈልጋል። ባዶዎቹ ከረጢቶች ሳይቆጠሩ ከግቢ እንዳይወጡ አስቀድመው ይንገሩ።

መንፋት ሳይጀመር ራስዎ ወጥተው ይዩ፣ ወይም የእያንዳንዱን ፎቶ ይቀበሉ። ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል? የጋዝ ጭስ ማውጫው ዙሪያ የታሸገው በብረት ቆርቆሮና ኮክ (caulk) በሚባል እሳት የሚችል የቀዳዳ መድፈኛ መሆን አለበት፤ እዚያ ተራ ፎም አይገባም። ከጣሪያው ክንፍ ሥር አየር የሚያስገቡት ሶፊት ቬንቶች እንዳይታፈኑ ባፍል (ኢንሱሌሽኑን ከአየር መግቢያው የሚያርቅ መከለያ) ተገጥሟል? ከታፈኑ እርጥበት ተጠራቅሞ የጣሪያው እንጨት ይሻግታል። የባኞ ቤቱ ፋን እንፋሎቱን አቲክ ውስጥ የሚተፋ ከሆነ ቱቦው ወደ ውጭ ይውጣ። ኮርኒስ ውስጥ የተቀበሩ አሮጌ መብራቶች “አይሲ” (IC፣ ኢንሱሌሽን ቢነካው ችግር የለም ማለት ነው) የሚል ምልክት ከሌላቸው ኢንሱሌሽን ሊነካቸው አይገባም፤ እሳት ያስነሣሉ። የመግቢያውን ክዳን አይርሱት፤ እሱም ኢንሱሌሽንና በጠርዙ ዙሪያ የአየር ማገጃ ላስቲክ ያስፈልገዋል።

ቤቱ ሲታሸግ እንፋሎትም ጭስም እንደ ድሮው በየቀዳዳው አይወጣም። ኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጣደው፣ ቡና የሚቆላው የት እንደሆነ ለኮንትራክተሩ ይንገሩት፤ እዚያ ወደ ውጭ የሚተነፍስ ፋን ከሌለ መስኮቱና ግድግዳው ማላብ ይጀምራል። ቤዝመንት ውስጥ ጭሱን በራሱ የሚያወጣ የጋዝ ውኃ ማሞቂያ ካለ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ፋኖቹ ሁሉ ተከፍተው ጭሱ ወደ ቤት አለመመለሱ ይፈተሽ። ይህ ፈተና ውሉ ውስጥ ይጻፍ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርምም በየፎቁ ይኑር።

ክፍያን በተመለከተ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ኮንትራክተር ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ በላይ ዲፖዚት መቀበል አይችልም፤ እሱንም የሚቀበለው ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። የመጨረሻውን ክፍያ የከረጢቱ ቆጠራ፣ ሁለተኛው የብሎወር ዶር ቁጥርና ደረሰኙ እጅዎ እስኪገቡ ይያዙ። የፌዴራሉ የኢንሱሌሽን ታክስ ክሬዲት ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለተጠናቀቀ ሥራ አይሰጥም፤ “30 በመቶው ከታክስ ይመለስልዎታል” ብሎ ዋጋ የሚያሰላ ሻጭ ከመጣ ያንን ቅናሽ ከሂሳቡ አውጥተው ሙሉውን ዋጋ ከሌሎቹ ጋር ያወዳድሩ።